ይሸትሻል?

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ስለ ነዳጅ ቧንቧ ግን ከአንድ ልብስ ሰፊ ከሚጠበቀው በላይ አውቃለሁ። ሰው ልኩ ሲወሰድ ዝም ብሎ መቆም ይጨንቀዋል፣ ያወራል። አንዳንዴ መሐንዲስ ይመጣል፣ አንዳንዴ የቦቴ ሾፌር። ያኔ ሜትሬን አንገቴ ላይ ጣል አድርጌ መጠየቅ እጀምራለሁ፤ ቧንቧው ምን ያህል ጠልቆ ነው የሚቀበረው? ቫልቩ የት ጋ ነው የሚገጠመው? "ምነው እመቤት፣ ማደያ ልትከፍቺ አሰብሽ እንዴ?" ይሉኛል። "ኧረ እንዲያው ነው" እላለሁ። እንዲያው አይደለም። እናቴን የገደላት ምን እንደሆነ ጠንቅቄ ማወቅ ስለምፈልግ ነው።

ሰባት ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ወራት ቀርተውኝ ነበር። የምንኖረው ከአንድ ማደያ አጥር በስተጀርባ፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ ባለማደያው ለሠራተኛ ብሎ ባሠራው ቤት ውስጥ ነው። ሁለት ክፍል ነው፤ ሦስተኛው ወጥ ቤቱ። የወጥ ቤቱ ወለል ሲሚንቶ ነው፣ መሐሉ ላይ እጣቢ የሚወርድበት ክብ ቀዳዳ አለ። አባቴ የማደያው ቧንቧ ሠራተኛ ነበር። ነዳጅ ቀጂዎቹ "ሐኪሙ" ይሉታል፤ የረጅም ብረት አንዱን ጫፍ ፓምፑ ላይ፣ ሌላውን ጆሮው ላይ አድርጎ ስለሚያዳምጥ። እኔ የእውነት ሐኪም ይመስለኝ ነበር። ጎረቤታችንን ወገቧን ሲያማት "አባባ ብረቱን ይዞ ይምጣልሽ?" ብያት ሰፈሩ ሁሉ ስቆብኛል።

ይህ ሐኪም ታዲያ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። በሳሙና ይታጠባል፣ እጁን በአሸዋ ይፈትጋል፣ ወይ ፍንክች። እናቴ "አንተን አስጥቶ ማናፈስ ነው እንጂ ማጠብስ ከንቱ ድካም ነው" ትለው ነበር። ለእኔ ግን ያ ሽታ አባባ ማለት ነው። በሩን ሳያንኳኳ መምጣቱን አውቃለሁ። ሲደክመኝ ጃኬቱ ውስጥ እገባና እጅጌው ውስጥ አፍንጫዬን ወትፌ እተኛለሁ። ከዚያ የበለጠ እንቅልፍ እስከ ዛሬም አልተኛሁም።

አንድ ቀን ሥራው ምን እንደሆነ አስረዳኝ። የእስክሪብቶ ቀፎ የሻይ ብርጭቆዬ ውስጥ ነከረና "ሳቢ እስቲ" አለኝ። ሳብኩ።

"ይኸው ነው ማደያ ማለት" አለ። "ነዳጁ መሬት ሥር በተቀበረ ታንከር ውስጥ ተኝቷል። ፓምፑ እንዳንቺ አፍ ከላይ ሆኖ ይስበዋል። አሁን ደግሞ እንይ።" ቀፎውን በመርፌ ወጋው። "በይ ሳቢ።"

"ንፋስ ብቻ!"

"አየሽ? ንፋስ ከገባ ነዳጁ ተመልሶ ታንከሩ ውስጥ ይወርዳል። ቁጥር ሁለት ፓምፕ ጠዋት ጠዋት የሚያስለው ለዚህ ነው።"

እውነትም ያስል ነበር። ማደያው ሲከፈት ቁጥር ሁለት ፓምፕ ያጓራል፣ ይንፈቀፈቃል፣ አየር ይተፋል፣ ከብዙ ልመና በኋላ ነው ነዳጅ የሚሰጠው። መኪኖች ተሰልፈው ጥሩምባ ይነፋሉ። ባለማደያው ሲናደድ ጆሮው የሚቀላ ሰው ነው። አንድ ጠዋት ለአባቴ ቁርሱን ላደርስ ሄጄ ሲጮህበት ሰማሁ።

"ይሄን ሳል አስቁምልኝ ብዬሃለሁ!"

"ጌታዬ፣ መገጣጠሚያው አንድ ቦታ ላልቷል። መቆፈር ነው ያለብን።"

"መቆፈር የሚባል ነገር በጆሮዬ እንዳልሰማ! ይህን ሁሉ ኮንክሪት ሰብሬ፣ ማደያ ዘግቼ? ሌላ መላ ፈልግ።"

አባቴ ሌላ መላ ፈለገ። በቧንቧው ግርጌ፣ ታንከሩ ውስጥ፣ ወደ ላይ ብቻ የሚከፈት ቫልቭ ገጠመ። ነዳጁ ወደ ላይ ይሄዳል፣ ወደ ታች ግን አይመለስም። በማግስቱ ቁጥር ሁለት ፓምፕ ገና ሲነኩት ነዳጁን ለቀቀው። ነዳጅ ቀጂዎቹ አጨበጨቡ፣ ባለማደያው የአባቴን ትከሻ መታ መታ አደረገ። እኔ ደግሞ በትምህርት ቤቱ ላገኘሁት ልጅ ሁሉ አባቴ ፓምፕ አዳነ ብዬ አወራሁ።

ቀዳዳው ግን አልተደፈነም። ይህን ነው ከመሐንዲሶቹ እየጠየቅሁ የተማርኩት። በፊት ቧንቧው ባዶውን ያድር ነበር፤ ቀዳዳው የሚስበው አየር ነው፣ ጉዳቱም ያቺ የጠዋት ሳል ብቻ ናት። ቫልቩ ከገባ በኋላ ግን ቧንቧው ሞልቶ ማደር ጀመረ። ሞልቶ ባደረ ቁጥር በዚያች ስንጥቅ ቤንዚን ወደ አፈሩ ይንጠባጠባል። ቤንዚን ደግሞ እንደ ውሃ ቁልቁል ነው የሚሄደው፣ ቁልቁሉ ላይ ያለነው እኛ ነን። አባቴ ይህን ጨርሶ አያውቅም ነበር ብዬ ልከላከልለት አልችልም። "ለጊዜው ነው፤ ዝናቡ ያባራና አስፈቅጄ እቆፍረዋለሁ" ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከአፈር ሥር ያለው አሮጌ የእጣቢ ቦይ ከማደያው አጥር ተነስቶ ቀጥ ብሎ ወጥ ቤታችን መግባቱን ግን ማንም አያውቅም ነበር።

እናቴ ያኔ እርጉዝ ናት። ሰባተኛ ወሯን ስትይዝ ታላቅ እህቷ ልታግዛት መጣች። አክስቴ ሳይነስ አለባት፤ ከዓመት እስከ ዓመት መሐረብ ከእጇ አይለይም፣ ድምጿ በአፍንጫዋ ነው የሚወጣው፣ ሥልጣኗ ደግሞ በሁሉም ላይ ነው። አንድ ከሰዓት ከመጋረጃው ጀርባ አሻንጉሊቴን እያለበስኩ ስትናገር ሰማኋት።

"ይሄ ሰውዬ ከዚህ ቤት ይውጣ! አንቺን ደፍቶሽ ሊያርፍ ነው እንዴ?"

"ኧረ እትዬ፣ እሱ ምን አደረገኝ" አለች እናቴ።

"ስታስመልሺ አይደል ያደርሽው? ሰውነትሽ አልቋል እኮ! ይውጣ ብያለሁ፣ ይውጣ።"

"እሺ... እኔ ነኝ የምነግረው። አንቺ አትናገሪው፣ ይከፋዋል።"

የዚያን ዕለት አባቴ ፍራሹን ጠቅልሎ በትከሻው ተሸከመና ማደያው ዕቃ ቤት ሄደ። ግንባሬን ስሞ "ለጥቂት ጊዜ ነው ሚጢጢ" አለኝ። ሚጢጢ የሚለኝ እሱ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ "ለጥቂት ጊዜ" የሚባለውን ነገር አውቀዋለሁ፤ የክፍሌ ልጅ አባት ለጥቂት ጊዜ ብሎ ከቤት ወጥቶ ሌላ ሚስት አግብቷል። አክስቴ አባቴንና እናቴን አፋታቻቸው ብዬ ደመደምኩ። ተበቀልኳት፤ የአንድ እግር ጫማዋን ጣሪያ ላይ ወረወርኩት።

ነገሩ ግን እርግዝና ነው። እናቴ የቤንዚን ጠረን እያስመለሳት ምግብ አልረጋላት ብሎ ነበር፤ አባቴም የሄደው ተጣልቶ ሳይሆን አዝኖላት ነው። ይህን ለእኔ የነገረኝ የለም። ልጅ ምን ይገባዋል ተብሎ ነው መቼስ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ውሃ ልጠጣ ወጥ ቤት ገባሁ። አባባ ሸተተኝ። ዞር ዞር ብዬ ፈለግሁት፣ የለም። የመስኮቱ ብረት መሐል ግን አንድ ከረሜላ ተሰክቷል። ልቤ ልትፈነዳ ደረሰች። አባባ እኛ ተኝተን ሳለ ተደብቆ ይመጣል ማለት ነው! አክስቴ እንዳታየው ነው እንጂ እሱማ ቤቱን አልተወም። ከረሜላውን አፌ ውስጥ ከትቼ ወረቀቱን ማስረጃ እንዳይገኝ ብዬ በወለሉ ቀዳዳ ከተትኩት።

በየጠዋቱ እንደዚያ ሆነ። ከረሜላውን እውነትም እሱ ነበር የሚያስቀምጠው፤ ማደያውን ከመክፈቱ በፊት ወረድ ብሎ ከውጭ በኩል ይሰካልኛል። ወደ ውስጥ ግን አንድም ቀን አልገባም። እኔ ከሁሉም ቀድሜ እየተነሳሁ በባዶ እግሬ ቀዳዳው አጠገብ ቆሜ ሽታውን ወደ ውስጥ እስብ ነበር። ራሴን ያዞረኛል፤ ደስታ ይመስለኝ ነበር።

እናቴ ግን "ቤንዚን ይሸተኛል" ማለት አላቆመችም። "እሱ ከሄደም ይሸተኛል፤ እንዲያውም ብሶበታል።"

"እርጉዝ የማይሸታት ነገር አለ?" ትላታለች አክስቴ መሐረቧን እያጠፈች። "እኔ የመጀመሪያ ልጄን ሳረግዝ የሰው ሳቅ ሳይቀር ይሸተኝ ነበር።"

እናቴ ጥርጣሬዋን አልለቀቀችም። ቡታጋዙን ከመለኮሷ በፊት በሩንና መስኮቱን ትከፍታለች፣ በካርቶን ወለሉን ታራግባለች፣ ትንሽ ቆይታ ነው ክብሪት የምትጭረው። በየቀኑ፣ ሳታሰልስ። በሕይወት ያቆየን ያ ካርቶን ነበር፤ አክስቴ ግን ትስቅባት ነበር።

አንድ ሐሙስ እናቴ አባቴን አስጠራችው። የመሣሪያ ሳጥኑን ይዞ መጣ። አክስቴ በሩ ላይ ቆማ ተመለከተችው፤ እኔም አብሬያት ቆሜ በልቤ "አሁን ይጣላሉ" እላለሁ።

"አንተ ባትኖርም ይሸታል" አለችው እናቴ። "እብድ እንዳትለኝ።"

"ለምን እብድ እልሻለሁ?" ወለሉ ላይ ተንበረከከ፣ ፊቱን ቀዳዳው አፍ ላይ ደፋ፣ ደጋግሞ አሸተተ። ተነሳ። ፊቱ ላይ እፍረት ነበረበት። "አፍንጫዬ እኮ ሞቷል፤ ሃያ ዓመት ቤንዚን ውስጥ ኖሬ ምን ቀረው ብለሽ ነው። ለእኔ ሁሉም ያው ነው።"

"እኔም ያው ነኝ" አለች አክስቴ በአፍንጫዋ።

"ስሚኝ" አላት እናቴን። "ከማደያው መጥቶ ከሆነ ቀላል ነገር አይደለም። ሌላ ሰው ሸተተኝ ካለ ዛሬውኑ፣ ባለማደያው ቢያብድም፣ ዘግቼ እቆፍራለሁ። ሚጢጢ! ነይ እስቲ።"

ሄድኩ። ሁለት እጆቼን ያዘና ከቀዳዳው አጠገብ አስጎነበሰኝ። ሽታው ግጥም ብሎ ነበር፤ አባባ በአባባ ላይ ተደርቦ።

"ይሸትሻል?"

ቀና ብዬ አየሁት። እሱም ያየኛል። አንድ ዓይኑን ጨፈን፣ ከፈት አደረገ። በዓይኑ ጠቀሰኝ።

ገባኝ። ማለትም የገባኝ መሰለኝ። ይፈትነኛል፣ አክስቴ ፊት ምሥጢሩን እጠብቅለት እንደሆነ ሊያይ ነው። "ይሸተኛል" ካልኩ ተደብቆ መምጣቱ ይታወቃል፣ አክስቴ መስኮቱን በሚስማር ታስመታዋለች፣ አባባም እንደ ክፍሌ ልጅ አባት ይቀራል። እኔ አባቴን አሳልፌ የምሰጥ ልጅ ነኝ?

"ኧረ ምንም አይሸትም!" አልኩና መልሼ ጠቀስኩት። በአንድ ዓይን መጥቀስ ስለማልችል ሁለቱንም ጨፈንኩለት።

አባቴ ሳቀ። እፎይ ሲል ደረቱ ሲወርድ አየሁት። እናቴ ግን አልሳቀችም። ከነሆዷ በዝግታ ቁጢጥ አለችና ትከሻዬን ያዘች።

"የኔ ልጅ፣ በደንብ አሽትተሽ ነው? እውነቱን ንገሪኝ። አልቆጣሽም።"

"አይሸትም እማዬ።"

ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ በአባቴ ክንድ ተደግፋ ተነሳችና ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች፤ ከእፍረት ይሁን ከሳቅ አላውቅም። "እንግዲያው እኔው ነኝ" አለች። "ጭንቅላቴ ውስጥ ነው ማለት ነው። አንተንም በከንቱ ከቤትህ አባረርኩህ።"

"ኧረ ተይ፣ ምን ችግር አለ" አላት።

ከዚያ ቀን በኋላ ካርቶኑን አላነሳችም።

ቅዳሜ ዕለት ንፋሱ ብርድ ብርድ ይል ነበር። አክስቴ ገበያ ሄዳለች። እናቴ ከማለዳ ጀምሮ አልጋውን አነጠፈች፣ ወለሉን ወለወለች፣ ብርድ እንዳይገባ መስኮቱን ዘጋጋች። ከዚያ ጠራችኝና ፀጉሬን እያስተካከለች "ሂጂ አባትሽን ጥሪው" አለችኝ። "ከዛሬ ጀምሮ እዚሁ ቤቱ ይደር በይው። እኔ መታጠቢያ ውሃ አሞቅለታለሁ።"

እንዴት እንደሮጥኩ! ምሥጢር ስለጠበቅሁ ነው የታረቁት፣ ብዬ ነበር። ዳገቱን በአንድ ትንፋሽ ወጣሁት። አባቴ ቁጥር ሁለት ፓምፕ ሥር ብረቱን ጆሮው ላይ ደግኖ አገኘሁት።

"አባባ፣ እማዬ ና ብላሃለች! ፍራሽህንም ይዘህ!"

ብረቱን አስቀመጠ። ነዳጅ ቀጂዎቹን "ልጄ ልታስታርቀኝ መጣች፣ ደኅና ዋሉ" አላቸው፤ እነሱም "ሐኪሙ ዳነ!" ብለው ጮኹ። ፍራሹን በትከሻው፣ እኔን በእጁ ይዞ ወረድን። ልጁ ወንድ ከሆነ ስም የማወጣው እኔ እንደሆንኩ እየነገረኝ ነበር። የአጥሩ ማዕዘን ጋ ስንደርስ በር በንፋስ ሲዘጋ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ሰማን። እንዲያ ነው የመሰለኝ፣ በር የተዘጋ። አባቴ ፍራሹን ጣለ። እጄንም ለቀቀ።

እናቴ ሦስት ቀን ቆየች። ወንድሜ አልቆየም።

ሦስቱንም ቀን አባቴ ሆስፒታል ነበር፤ እኔ ጎረቤት። በሁለተኛው ቀን አምልጬ ወጥ ቤታችን ሄድኩ። ጣሪያው የለም፣ ግድግዳው ጠቁሯል፣ ቡታጋዙ ተጣሞ ጥግ ላይ ወድቋል። ቀዳዳው አጠገብ ቆሜ አሸተትኩ። ሽታው አለ። አባባ ግን የለም፣ ሊኖርም አይችልም፤ ሆስፒታል ነው። እዚያው ቁጭ ብዬ "አባባ" ብዬ ተጣራሁ። ሁለተኛ አልተጣራሁም።

ከቀብሩ በኋላ አባቴ ዶማ ይዞ ማደያው ገባና ኮንክሪቱን ብቻውን ሰበረ። ባለማደያው ቆሞ አየ እንጂ አልከለከለውም። ስንጥቁ የጥፍር ጫፍ አያስገባም ነበር አሉ። አባቴ ከዚያ ወዲህ ነዳጅ ቧንቧ አልነካም፤ የውሃ ቧንቧ ሠራተኛ ሆኖ አሳደገኝ። ሌላ ሚስትም አላገባም።

ሲያረጅ እኔ ዘንድ መጣ። እኔ የስፌት መኪናዬ ላይ ስሰፋ እሱ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ ስለ እናቴ ያወራል። ዘፈን ስትዘፍን ዜማውን እንደምትስተው፣ በሠርጋቸው ማግስት ኮፍያውን እንዴት እንደወረወረችበት፣ ስትቆጣ ከንፈሯ እንዴት እንደሚሆን። አንድም ነገር አልረሳም። ሲያወራ ወጣት ይሆናል። መጨረሻው ግን ሁሌ አንድ ነው፤ "ያንን ፓምፕ ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ። እናትሽን የገደልኳት እኔ ነኝ።" ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይህን ብቻውን ተሸከመ፣ እኔም ዝም ብዬ አሸከምኩት። ፈሪ ነበርኩ፣ ሌላ ስም የለውም።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ አልቻልኩም። መቀሱን አስቀምጬ እግሩ ሥር ቁጭ አልኩ።

"አባባ፣ ያን ጊዜ... ስትጠይቀኝ... ይሸተኝ ነበር።"

ፊቱን ከመስኮቱ ወደ እኔ መለሰ።

"በየጠዋቱ ይሸተኝ ነበር። አንተ ተደብቀህ የምትመጣ መስሎኝ ነው። ስትጠይቀኝም በዓይንህ ጠቀስከኝ፣ ምሥጢር ያዢ ያልከኝ መሰለኝ።"

"እኔ? ጠቀስኩሽ?" እጁ ቀስ ብሎ ወደ ዓይኑ ሄደ። "አቃጥሎኝ ነበር" አለ። "ከቀዳዳው ቀና ስል ይሄኛው ዓይኔ አቃጥሎኝ ነበር። እንባ መጣብኝ እኮ።" ቤንዚኑ አፍንጫውን ቢገድልም ዓይኑ ነግሮት ነበር፤ ይህን ያወቀው ያን ደቂቃ፣ በእኔ አፍ ነው። ምነው ምላሴን በቆረጠው አልኩ።

ራሴን ዳበሰኝ። "አንቺ ምን አጠፋሽ" አለኝ። "ብትነግሪኝም አልቆፍርም ነበር።"

ውሸቱን ነው። ይቆፍር ነበር። በጥፍሩም ቢሆን ይቆፍር ነበር፣ ሁለታችንም እናውቃለን። አቅፌው አለቀስኩ፣ እሱም "በቃ፣ በቃ ሚጢጢ" እያለ ጀርባዬን መታ መታ ያደርገኛል።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት አብረን ኖርን። መስኮቱ አጠገብ ይቀመጣል፣ ስለ አየሩ ያወራል፣ ስለ ደንበኞቼ ይጠይቃል፣ ይቀልዳል። እናቴን ግን አንድም ቀን አላነሳትም። እኔ ሲጨንቀኝ "አባባ፣ ያቺ እማዬ የምትዘፍናት ዘፈን እንዴት ነበር የምትጀምረው?" እለዋለሁ። ፊቱን ወደ ውጭ መልሶ ጥቂት ያስባል።

"እንጃ ልጄ" ይለኛል። "ረሳሁት።"